የሾላው ልብስ ሰፊና ባለካባው አክተር

ጋሽ ከማለዲን ፊልም የሚተረጉሙት ልብስ አይተው ነበር። ይህን ስል ቀልድ እንዳይመስልብኝ፤ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ጣሊያንኛቸው ከመኪና ዕቃ ስም አያልፍም፤ የሕንዱ ቋንቋማ ከዘፈኑ በቀር ለማናችንም አይገባም ነበር። ልብስ ግን ያውቁ ነበር። ሾላ ገበያ ውስጥ፣ በበርበሬ ነጋዴዎቹና በቆርቆሮ ዕቃ ሻጮቹ መካከል በተሸጎጠች አንዲት ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ሲለኩ ኖረዋል። ሰው በበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቱን ሳይሆን ትከሻውን ነው። «ግራው ዝቅ ይላል» ይላሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው «እንደምን ዋልክ» የሚሉት።

የቀበሌያችን አዳራሽ በ1970 ዓ.ም. እሑድ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ፊልም ማሳየት ሲጀምር፣ በእጅ የሚያዝ ድምፅ ማጉያ ይዞ ታሪኩን የሚያስረዳን አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ተማሪው ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ሄደ። በቀጣዩ እሑድ ፊልሙ ያለ አስረጂ ተጀመረ። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ያ ባለግራጫ ኮት ይከዳዋል። ደረቱን እዩት፣ በግራ በኩል አብጧል። ከሥሩ ነገር አለ።»

ሃያ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ ባለግራጫ ኮቱ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ሽጉጥ አወጣ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ ጋሽ ከማለዲን ዘንድ ደረሰ፤ ለሁለት ዓመት ተኩልም ከእጃቸው አልወጣም።

እኔ ያን ጊዜ ቀበና አካባቢ አስተማሪ ነበርኩ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የአዳራሹ ኮሚቴ ጸሐፊ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ቲያትር ሕግጋት ብዙ አንብቤአለሁ። ሕግ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ግን በዚያ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። የመጀመሪያው ሕግ «አክተር አይሞትም» የሚለው ነው። አክተር ስንል ተዋናይ ማለታችን አልነበረም። ተዋናዮቹ ብዙ ናቸው፤ አክተር አንድ ነው። እኛ የምንደግፈው፣ መጀመሪያ ላይ የሚደበደበውና መጨረሻ ላይ የሚደበድበው እሱ ነው። ክፉው ሰው ከመግደሉ በፊት ብዙ ያወራል። ፖሊስ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለምን ይመጣል ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። የሚመጣው ስለሚያውቅ ይመስለኛል። በሳምንቱ ውስጥ የነገውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሑድ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ግን ሁላችንም የሚመጣውን እናውቅ ነበር።

ጋሽ ከማለዲን በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨመሩበት፦ ክፉው ሰው ልብሱ ልክ ይመጣለታል። የአክተሩ ኮት እጀታው ወይ ይረዝማል ወይ ያጥራል፤ ጠብ ሲነሣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ይቀደዳል። የክፉው ሰው ሱሪ ግን ከወገቡ እስከ ጫማው ያለ አንድ ሽብሽብ ይወርዳል።

«ለምን?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጊዜ አለዋ!» አሉኝ። «ሁለት ሦስቴ እየተመላለሰ ያስለካል። አክተር የት ጊዜ አለው?»

ከታዳሚው ሁሉ «አክተር አይሞትም» የሚለውን ሕግ አጥብቀው የያዙት አቶ ኤጀታ ነበሩ። አቶ ኤጀታ የእንጦጦ ገበሬ ናቸው፤ ድንቻቸውን ሾላ አራግፈው፣ አህያቸውን ከዘመድ ግቢ አስረው ይመጡና ፊተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ናት፦ «አክተሩ የቱ ነው?» ይነገራቸዋል። እንግዲህ አይሞትምና ተረጋግተው ይተኛሉ። መጨረሻ ላይ ጭብጨባው ሲቀሰቅሳቸው አብረው ያጨበጭባሉ። አንድ እሑድ ከዋናው ፊልም በፊት ከወዳጅ አገር የመጣ ስለ እርሻ የሚናገር አጭር ፊልም ይታይ ነበር። ለሩብ ሰዓት ሰው የሚባል አልታየበትም።

«ከማለዲን! አክተሩ የቱ ነው?» አሉ አቶ ኤጀታ።

«ትራክተሩ ነው» አሉ ጋሽ ከማለዲን በድምፅ ማጉያው።

አቶ ኤጀታ አመስግነው ተኙ።

እንዲህ እያልን ሳለን በ1973 ዓ.ም.፣ ጥቅምት ላይ፣ ሕጋችንን ሁሉ የሚገለብጥ ፊልም መጣ። ቋንቋው ጣሊያንኛ ነው ያሉም፣ ቱርክኛ ነው ያሉም ነበሩ። ሲጀምር አንድ ሰው ከፎቅ ጣሪያ ላይ ቆሟል። ዓይኑን በጭምብል ሸፍኗል። አረንጓዴ ልብሱ ገላው ላይ የተቀባ ይመስላል፤ ከትከሻው እስከ ተረከዙ ቡናማ ካባ ወርዷል፤ ቁምጣውንም ከሱሪው በላይ ነው የለበሰው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው ሲያዩ ምን እንደሚመጣ ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። እኛ ግን አይተን አናውቅም።

«አክተሩ የቱ ነው?» አሉ አቶ ኤጀታ።

ጋሽ ከማለዲን ወደ ሸራው ጠጋ ብለው አዩ። ሽብሽብ የለም። ቁልፍ የለም። ዚፕ የለም። በሠላሳ ዓመት የስፌት ሥራቸው እንዲህ ልክ የመጣ ልብስ አላዩም።

«ይህ የጣሪያው ሰው ክፉው ነው!» አሉ። «ልብሱን እዩት። ፊቱንም ሸፍኗል።»

ትክክል ነበሩ፤ በሕጋችን መሠረት። እስከዚያ ቀን ፊቱን ሸፍኖ መልካም ነገር የሠራ ሰው በዚያ አዳራሽ አልታየም።

«ቁምጣውን ለምን ከላይ ለበሰው?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

«ቸኩሎ ነዋ! ከሰው ሚስት ቤት በመስኮት ሲወጣ!»

ሳቁ ሳያባራ አንድ ወፍራም ሰው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ብቅ አለ። ኮቱ ሰፍቶታል፣ እጀታው ጣቶቹን ሸፍኗል። «አክተራችን ይኸውላችሁ» አሉ ጋሽ ከማለዲን በፍቅር። «ምስኪን! የሰው ኮት ነው የለበሰው።» አቶ ኤጀታ ተኙ። እኛም አርባ ደቂቃ ሙሉ ለባለሰፊ ኮቱ አጨበጨብንለት። ባለካባው ሲመጣበት «ከኋላህ ነው! ሽሽ!» እያልን ጮኽንለት። የፋብሪካ ባለቤት መሆኑን ከሠራተኞቹ ሰላምታ ስናውቅ እንኳ፣ ጥሩ ባለፋብሪካ ይሆናል አልን።

ከዚያ ባለካባው በረረ። በእሳት ከተያያዘ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ከነልጇ አቅፎ አወረደ። በዚያችው ደቂቃ ባለፋብሪካው ከዚያ ሰፊ ኮቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጠርሙስ አወጣና የከተማው ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ይደፋ ጀመር።

አዳራሹ ዝም አለ። አቶ ኤጀታን የቀሰቀሳቸው ዝምታው ነው።

«ከማለዲን!» አሉ ደንግጠው። «አክተሩ ውኃ እየመረዘ ነው!»

ጋሽ ከማለዲን ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አደረጉ። ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ እንደገና አነሡና፣ «ወገኖቼ፣ ተሳስቻለሁ» አሉ። «አክተሩ ባለካባው ነው።»

ይህችን ቃል ባይናገሩ ኖሮ ነገሩ በሳቅ ያልፍ ነበር። ግን የልብሱ ስም ካባ ነው፤ ልብስ ሰፊ ካባን ካባ ከማለት ሌላ ምን ይላል? ችግሩ ከኋላ ረድፍ ወርቅአየሁ ተቀምጦ መስማቱ ነው። ወርቅአየሁ የቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ነው፤ ዕድሜው ከኔ ጋር እኩያ፣ ክፉ ሰው ያልሆነ፣ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ ግን ትንሽ ወፈር ያለ።

ሰኞ ጠዋት ጠራን። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ፣ እሳቸው ሊጠየቁ።

«ጓድ ከማለዲን» አለ፣ «አርባ ደቂቃ ሙሉ ሕዝቡ ለማን እንዲያጨበጭብ አደረጉ? ለከበርቴ!»

«ኮቱ ሰፍቶት ነው፣ ጓድ።»

«ቀጥሎስ? ካባ ለለበሰ! ካባ የሚለብስ ማነው?»

«ሙሽራ።»

«ሌላ?»

«ቄስ።»

«ሌላ!»

ጋሽ ከማለዲን ወደ እኔ አዩ። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

«መስፍን» አሉ ቀስ ብለው።

«መስፍን! ከከበርቴው እጅ አውጥተው ለመሳፍንት አስረከቡን! መሐል ላይ እንኳ ትንሽ አላሳረፉንም!»

ሳቄን ለመዋጥ ቀኑን ደጋግሜ ጻፍኩ። ወርቅአየሁ ግን አልሳቀም። ፊልሙ በመጪው እሑድ እንደሚደገም፣ ከቀበሌ በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከ«ከፍተኛው»፣ አንድ እንግዳ መጥተው እንደሚያዩ ነገረን። «አንድ ሰው ብቻውን አገር አያድንም። ጀግናው ሰፊው ሕዝብ ነው። ይህን ማስረዳት ከቻሉ ያስረዱ። ካልቻሉ ድምፅ ማጉያውን ለውይይት ክበቡ እናስረክባለን።»

«ጓድ፣ ሕዝቡ እኮ ፊልሙ ላይ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ይሽሽ! በሽሽቱ ውስጥ ትግሉን ያሳዩ።»

ከዚያ ወጥተን ወደ ሾላ ስንወርድ ጋሽ ከማለዲን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዱ ነበር። ገበያው ሲቀርብ፣ «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ ያላየሁትን ተናግሬ አላውቅም። ተሳስቼ እንደሆነ እንኳ አይቼ ነው የምሳሳተው። አሁን ምን አይቼ ሕዝቡ አዳነ ልበል?»

«ድምፅ ማጉያው ቢቀርስ?»

ቆም አሉ። «ሱቅ ውስጥ ሰው የሚያወራኝ ክንዱን ዘርግቶ ነው። ‹ጠበቀኝ›፣ ‹ላላብኝ›፤ ወሬው ይኸው ነው። ሙሉ ነገር የምናገረው እሑድ ብቻ ነው።»

አዘንኩላቸው፤ ባዘንኩ ጊዜ ደግሞ ትምህርት መስጠት ይቀናኛል። ስለ ጥንት ግሪኮች ቲያትር፣ መድረክ ዳር ቆሞ በሕዝብ ስም ስለሚዘምረው ቡድን፣ ስለ ቅርጽና ስለ ይዘት ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ስትናገር ደስ ይላል መምህር» አሉ። «ግን ለእሑድ ስድስት ቀን ብቻ ነው የቀረው።»

ሐሙስ ቀን ሱሪዬን ላሳጥር ሱቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሊካ ምሳ ይዘው መጥተው ሣህኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ጋሽ ከማለዲን የስፌት መኪናውን በእግራቸው እየረገጡ የባለካባውን ታሪክና የወርቅአየሁን ትእዛዝ ይነግሯቸዋል። እትዬ ዘሊካ አዳራሹን ረግጠው አያውቁም፤ ፊልም ማለት ባላቸው እሑድ የሚሰወርበት ምክንያት ነው።

«ይበራል ያላችሁትን ተውኩት» አሉ። «እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። ያንን ልብስ ማን ሰፋለት?»

«ፊልሙ አያሳይም።»

«አያሳይማ! የጎረቤታችንን የፋዲላን ሙሽራ ሱፍ ስትሰፋ ዓይንህ ሊጠፋ አልነበር? ሰርጉ ላይ ሁሉም ‹ሙሽራው አማረበት፣ ሙሽራው አማረበት›። ሰፊው ማነው ያለ አለ? ይባስ ብለው ከበሩ አጠገብ አስቀመጡህ፣ ብርድ ሲመታህ ዋልክ።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ብርድ መታህ አልኩ።»

«እሱን አይደለም፤ ከሱ በፊት ያልሽውን።»

«ሰፊው ማነው ያለ የለም ነው ያልኩት። ምነው፣ ጆሮህም ዓይንህን ተከተለው?»

ጋሽ ከማለዲን እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሡ። ዓይናቸው አንዳች ነገር እንደሚለካ ሰው ጠበበ። «መምህር፣ ‹ሰፊው ሕዝብ› ሲጻፍ በየትኛው ‹ሰ› ነው?»

«በእሳቱ ሰ።»

«ልብስ ሰፊስ?»

«በእሳቱ ሰ።»

«በንጉሡ ሠ አይደለም?»

«ንጉሡማ ወርዷል» አልኩ።

እንደዚያ ቀን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። እትዬ ዘሊካ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን፤ «ምሳው ቀዘቀዘ» አሉ።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ላይ ተንጠላጥሏል። ከከፍተኛው የመጡት እንግዳ፣ ካኪ የለበሱ ደልዳላ ሰው፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ከአቶ ኤጀታ አጠገብ ተቀመጡ። ወርቅአየሁ ቀበቶውን እየነካካ ከጎናቸው ቆመ። በሩ አጠገብ፣ ሻሻቸውን አጥብቀው ያሰሩ አንዲት ሴት አየሁ፦ እትዬ ዘሊካ።

ባለካባው ጣሪያው ላይ ታየ።

«አክተሩ የቱ ነው?» አሉ አቶ ኤጀታ። «ዛሬ ደግሞ እንዳታሳስተን!»

«ዛሬ አልሳሳትም፣ አቶ ኤጀታ» አሉ ጋሽ ከማለዲን። «ይህ የምታዩት ሰው ለባሽ ነው። ለባሽ ብቻ! ባለፈው ልብሱ ልክ ስለመጣለት ክፉ ነው አልኳችሁ። ልክ የመጣ ልብስ ግን የሚናገረው ስለ ለባሹ አይደለም። ስለሠራው እጅ ነው። ይህን ሰው ከትከሻው እስከ ተረከዙ የለካው፣ ነፋስ እንዲቀበል አድርጎ ያለበሰው፣ ሄደህ ብረር ያለው ማነው? ፊልሙ ስሙን አይጠራም። እኔ እጠራዋለሁ። የዚህ ፊልም ጀግና ሰፊው ነው!»

እንግዳው ከመቀመጫቸው ተነሥተው አጨበጨቡ። ረድፉ ሁሉ ተከተላቸው። ከኋላ የተቀመጡት የገበያ ሰዎች ግን ወደ ልብስ ሰፊያቸው ተመለከቱ። ከዚያ አንዲት በርበሬ ነጋዴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሳቁ ከእሷ ተነሥቶ ረድፍ ረድፉን እያዳረሰ ሄደ። ወርቅአየሁ ሳቁ መልካም ይሁን መጥፎ ለመለየት አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል።

ጉዱ የመጣው ከአቶ ኤጀታ ነው።

«ሰፊው የታለ?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «እኔ አንድም ቦታ አላየሁትም!»

እንግዳው ጭብጨባቸውን አቁመው ወደ ጋሽ ከማለዲን ዞሩ።

«አይታይም፣ አቶ ኤጀታ» አሉ ጋሽ ከማለዲን ሳይቸኩሉ። «ሰፊው መቼ ታይቶ ያውቃል? እሱ ይለፋል፣ ሌላው ያምርበታል። ድግስ ሲሆን ደግሞ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።»

«ትክክል!» አሉ እንግዳው ጮክ ብለው። «በጣም ትክክል!»

በሩ አጠገብ እትዬ ዘሊካ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ፊልሙ ወደ መጨረሻው ሲደርስ የባለካባው ካባ ብረት ላይ ተጠልፎ ከመሐል ተቀደደ፤ ሰውዬውም እንደ ድንጋይ ወደቀ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግን በሌላ ሰፈር ሲበር ታየ፤ ካባው ድፍን ነው። ባለፈው እሑድ ግርግር ላይ ስለነበርን ማንም ልብ አላለውም። ፊልም ሠሪዎቹም ልብ አላሉት ይሆናል።

«ቆይ!» አሉ ጋሽ ከማለዲን። «አሁን ተቀድዶ አልነበር?»

«ነበር!»

«ማን ደረሰለት?»

«ሰፊው!»

«አልሰማሁም!»

«ሰፊው! ሰፊው!»

እንግዳው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ሦስት መቶ ሰው፣ ግማሹ ለሕዝቡ ግማሹ ለልብስ ሰፊው፣ በአንድ ቃል ጮኸ። እንዲህ ያለው ፊልም ዋና ሕጉ አንዱ እንዲበርና የቀረው አንጋጦ እንዲያይ ነው። ጋሽ ከማለዲን አንድም ምስል ሳይነኩ ይህን ሕግ አፈረሱት። ሕግ የሚሰበረው በመዶሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስፌትን ለመፍታት ትክክለኛዋን ክር ማግኘት ይበቃል። አቶ ኤጀታም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይተኙ ዋሉ። ሰፊው ይመጣል ብለው እስከ መጨረሻው ሲጠብቁ ነበር።

በቃለ ጉባኤው ላይ «አስረጂው የፊልሙ ጀግና ሰፊው መሆኑን በሚገባ አብራርተዋል» ብዬ ጻፍኩ። እንግዳው ፈረሙበት።

ረቡዕ ዕለት፣ ያሳጠርኩትን ሱሪ ልወስድ ሱቁ ውስጥ ሳለሁ ወርቅአየሁ ገባ። በአንድ ብብቱ ድምፅ ማጉያውን፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሰላም አላለንም።

«ጓድ ከማለዲን፣ ቃለ ጉባኤውን አነበብኩት» አለ። «‹ሰፊው› ይላል። ‹ሕዝብ› የሚለው ቃል ቀርቷል።»

ጋሽ ከማለዲን መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ። ድምፅ ማጉያውን እያዩ ነበር።

«የጽሕፈት ስሕተት ይሆናል» አልኩ።

«ይሆናል» አለ ወርቅአየሁ። በሩን መለስ ብሎ አየና ጋዜጣውን ፈታ። የካኪ ሱሪ ነው። «ወገቡ ጠቦኛል። ሰፊው ያሰፋልኛል ብዬ ነው የመጣሁት።»

ይህን ሲል ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ከዚያ ሊቋቋመው አልቻለም። ሦስታችንም እስክናለቅስ ሳቅን። ጋሽ ከማለዲን ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ፤ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊውም እንደ ማንኛውም ሰው ክንዶቹን ዘርግቶ ቆመ።

«እዚህ ጋ ጠበቀዎት?»

«ትንሽ ላላ ያድርጉት። ለከርሞም ይሁን።»

ተለክቶ ሲጨርስ ድምፅ ማጉያውን ያለቀ ልብስ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለው። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«ለእሑድ የሕንድ ፊልም መጥቷል። እንደ ባለፈው እንዳንዋረድ፣ ክፉው ሰው የቱ እንደሆነ አስቀድመው ቢነግሩኝ?»

ጋሽ ከማለዲን ሱሪውን ገልብጠው የወገቡን ስፌት መፍታት ጀምረው ነበር።

«መጀመሪያ ልብሱን ልየው» አሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው እንደያዙ።